ድምፁ የማን ነው?

ውድ አንባቢዎቼ፤ በዚያች ምሽት አብራችሁኝ ብትኖሩ ኖሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትታችሁኝ ትወጡ እንደ ነበር አልጠራጠርም። እኔ ራሴም ያልወጣሁት ሙዚቃው ጥሞኝ አይደለም። የተቀመጥሁት ከረድፉ መካከል ስለ ነበረ ያን ሁሉ ሰው አስነሥቶ ማለፍ አሳፍሮኝ ነው። ይሉኝታ ሰውን ይጐዳል ይባላል፤ እኔን ግን በዚያች ሌሊት ጠቅሞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምረው በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን ትምህርቴም ፊዚክስ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አባቴን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። ከኮሌጅ ጀምሮ የማውቀው አንድ ባልንጀራ አለኝ፤ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሮ ይሠራል። «ዛሬ ማታ ሙዚቃ ልጋብዝህ» ቢለኝ ደስ ብሎኝ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ተከተልሁት። ክራር እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ ክራር ባይኖር ጊታር፣ ጊታር ባይኖር እንኳ አንድ የሚዘፍን ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር።

ወደ አዳራሹ ስንገባ ግን በመድረኩ ላይ ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። በጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕና ብዙ ቁልፍ፣ ብዙ ሽቦ ያለበት ሣጥን ተቀምጧል፤ ከግራና ከቀኝ የሰው ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ቆመዋል፤ ከኋላ ደግሞ ነጭ መጋረጃ ተወጥሯል። አንድ ወጣት መጣና ሰላምታም ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ። መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ መጣ፤ በጆሮዬ ከመስማቴ በፊት በጫማዬ ሶል ተሰማኝ። ቀጥሎ በቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከዚያም በሁለት ጣቢያ መካከል እንደ ተረሳ ራዲዮ ያለ ሹክሹክታ ተከተለ። በመጋረጃው ላይ ነጫጭ መስመሮች እንደ ዝናብ ይወርዳሉ፤ ድምፁ ሲከር መስመሮቹ ይከራሉ፣ ድምፁ ሲላላ እነሱም ይላላሉ።

ወደ ባልንጀራዬ ጆሮ ጠጋ ብዬ «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ ገና እየሞከሩት ነው?» ስል ጠየቅሁት።

«ዝም ብለህ ስማ» አለኝ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

እንደዚያ ተናድጄ ሳለሁ ነው አንድ የማውቀው ድምፅ የመጣው። ጠቅ፣ ሿ፣ ዷ። ጠቅ፣ ሿ፣ ዷ። እግር መርገጫውን ሲረግጥ፣ መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲያልፍ፣ ማጉም ተመትቶ ሲጠብቅ። የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ነው። ስሜን ከማወቄ በፊት የማውቀው ድምፅ ነው። አባቴ ሸማኔ ናቸው፤ እንደ ብዙው የጋሞ ሰው ከዶርዜ መንደራቸው ወጥተው በሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰው ናቸው። ያ ወጣት ያንን ድምፅ አዘግይቶና አግዝፎ አዳራሹን እስኪሞላ ድረስ አሰማው፤ ሰማይን የሚሸምን አንድ ግዙፍ ሰው ያለ መሰለኝ።

አንባቢዎቼ፤ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ሲሉኝ «ነጋዴ ናቸው» እል ነበር። ሸማኔ የሚለው ቃል በአገራችን ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲቆጠር እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። ሸማውን ለበዓል በክብር እንለብሳለን፤ የሠራውን እጅ ግን ስንንቅ ኖረናል። እኔም የዚያን እጅ እንጀራ እየበላሁ እጁን ደበቅሁት። አሁን ግን እኔ የደበቅሁትን ድምፅ፣ ትኬት ገዝቶ የገባ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው አየሁ። ከአዳራሹ ውስጥ ያፈርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ወጣቱ ቀርቤ እጁን ጨበጥሁና «ይህ የሸማኔ ድምፅ የማን ነው?» ስል ጠየቅሁት። እሱም በትሕትና «እኔ እንጃ፤ በሽሮ ሜዳ ሳልፍ ከመንገድ ላይ ሆኜ በስልኬ የቀዳሁት ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ መልሱ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ መልስ ነው።

አስቀድሜ ግን እንዲህ ያለው ሙዚቃ ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ከአውሮፓ የመጣ ፋሽን ነው ብለን እናስባለን። ታሪኩን ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አኖራቸዋለሁ።

በ1944 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ፣ እርሻ የሚያጠና ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ መሣሪያ ተዋሰ። የዚያ ዓይነቱ መሣሪያ ድምፅን የሚያስቀረው በጣም በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነው። መሣሪያውን ይዞ የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ቤት ሄደ፤ ሥርዓቱ የሴቶች ስለ ነበረ እንደ ሴት ተሸፋፍኖ መግባቱን በኋላ ራሱ ተናግሯል። የሴቶቹን ዜማ ቀድቶ ወደ ጣቢያው ተመለሰና የድምፁን መሠረት እየቀነሰ፣ የገደል ማሚቶውን እያበዛ፣ ጆሮ ያልለመደው ነገር አወጣ። ሥራውንም በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ የሥዕል አዳራሽ አሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀድቶና ቆራርጦ በፓሪስ ራዲዮ ያሰማው በ1948 ነው። ስለዚህ ካይሮ ፓሪስን በአራት ዓመት ትቀድማለች።

ዛርን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን አለ? እንዲያውም የግብፅ ዛር ከእኛ አገር የተሻገረ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኤል ዳብ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረውም አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩትን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና እምቢልታን ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድ መድረክ ላይ አቀመጣቸው። ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ብዙ ሠርቷል፤ በ1969 አሜሪካን ዞሮ አሳይቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድምፅን በሽቦ አስሮ መለወጥን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ሰው፣ ወደ እኛ ሲመጣ «ክራራችሁን አክብሩ» ብሎ ነው የሠራው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ በአገራችን ልጆች እጅ ቀጥሏል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ ባንድ አልነበረውም። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ኪቦርዱንና ከበሮ የሚመታውን ማሽን ይዞ ብቻውን ነው የሠራው። በየሠርጉ የምንጨፍርበት ኪቦርድስ ኤሌክትሮኒክ አይደለምን? በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ የተባሉ ወጣቶች ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰይመዋል። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014፣ የእንደገና «ሌቱ ሲነጋ» በ2015 ዋሽንግተን ከተማ ባለ አሳታሚ ወጥተዋል። በዚያው በ2015 ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ በአዲስ አበባ የቪዲዮ ሥዕል ፌስቲቫል ጀምሯል። በካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ ፈንድቃም አዝማሪውንና ከውጭ የመጣውን የአዲስ ሙዚቃ ሞካሪ በአንድ ጣራ ሥር ያገናኝ ነበር፤ በ2024 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ፈረሰ።

በመስከረም ወደ አርባ ምንጭ የተመለስሁት በዚህ ሁሉ ሐሳብ ሰክሬ ነው። ከተማችንን ለማታውቁ፤ አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ሴቻን ከላይ ሲቀላን ከታች አድርጋ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲሄዱ ጨንቻ ይደረሳል፤ እዚያ ከፍታው 2,700 ሜትር ይሆናል። ዶርዜ በመንገዱ ላይ ነው። ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች፣ የእንሰቱ ጓሮና ጉሙ ይቀበሏችኋል፤ ከታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ ይመኛል።

ስለ ሞገድ የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉን አስቀመጥሁና ተማሪዎቼን እንዲህ አልኋቸው። «ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ማይክሮፎን ያንን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ በኋላ ልንቆርጠው፣ ልንገለብጠው፣ ልናዘገየው እንችላለን። የተቀዳውን በእጥፍ ፍጥነት ብናሰማው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ በግማሽ ብናዘገየው በዚያው ልክ ይወርዳል።» የአንዲት ተማሪ ሳቅ በስልክ ቀድተን ብናዘገየው የሽማግሌ ሳል መሰለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ የሚቀር ተማሪ ጠፋ።

ደግሞም «ይህ ነገር ለጋሞ ልጅ እንግዳ አይደለም» አልኋቸው። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ሁሉም አንድ ዜማ አይከተልም። እስከ አምስት የሚደርሱ ልዩ ልዩ ድምፆች፣ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ፣ አብረው ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ብታወጡት ዘፈኑ ይጐድላል። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በጊዶሌ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች ደግሞ ፊላ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት በቡድን ይነፋሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ይዞ ተራው ሲደርስ ብቻ ይነፋል። ዜማው በአንዱም ሰው አፍ ውስጥ የለም፤ ያለው በሁሉም መካከል ነው። ዛሬ ሲኩዌንሰር የሚባለው መሣሪያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ተራውን ይሰጠዋል።

ቁጭቴንም አልደበቅሁም። የዶርዜን ዝማሬ በ1970ዎቹ ቀርጾ በፓሪስ በሸክላ ያሳተመው ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። የሰውየው ሥራ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአያቱን ዘመን ዘፈን መስማት የሚፈልግ የጨንቻ ልጅ ሸክላውን ከፓሪስ መፈለጉ አያሳዝንምን? «እኛው እንቅዳ» አልሁ። የፊዚክስ ክበብ አቋቋምን።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ የዶርዜ ልጅ ነው፤ በሲቀላ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። ይህ ልጅ በጥቅምት ወር አገሩ ሄዶ ሲመለስ በስልኩ የተቀዱ ብዙ ድምፆች አመጣልኝ። የዝናብ ድምፅ ነበረ፤ የገበያ ድምፅ ነበረ፤ እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ጨዋታ ነበረ። በመጨረሻም በአንድ ጐረቤት ቀብር ላይ የአያቱ እኅት ያወረዱት የለቅሶ ዜማ ነበረ።

«ቲቸር፣ ይህን እንኳ ብንተወው ይሻላል መሰለኝ» አለኝ።

«ለምን? ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው!» አልሁት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። ይህንን በግልጽ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ለሦስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል እየተቀመጥን ሠራነው። የሴትዮዋን ድምፅ አዘገየነው፤ ከዝናቡ ጋር አዋሕድነው፤ አንዲት ቁራጭ መርጠን እየመላለስን ደጋገምናት። በታኅሣሥ የወላጆች ቀን ሲደርስ አዳራሹን አጨልመን፣ በአባያ ሐይቅ ላይ የሚሄድ ደመና በግድግዳው ላይ እያሳየን አሰማነው። ሥራው ያምር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አላምርም ነበር ብዬ አልዋሽም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም በአዲስ አበባው አዳራሽ ያየሁትን ጸጥታ ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ሞላ።

መብራቱ ሲበራ ከኋላ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል አንዲት ሴት ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው ይንቀጠቀጡ ነበር። አንድ ሽማግሌ በአጠገባቸው ቆመዋል። ወደ እኔ መጡና በጋሞኛ «መምህር፣ የሞተው ማን ነው?» አሉኝ።

«አባባ፣ የሞተ ሰው የለም፤ ይህ ቅጂ ነው» አልኋቸው።

«የሞተ ሰው ከሌለ ለምን ታስለቅሳለህ? ያ ደጋግማችሁ የምትጠሩትስ ስም የማን ነው?»

አንባቢዎቼ፤ ያ እየመላለስን የደጋገምናት ቁራጭ የሟቹ ስም ነበረች። እኒያ ነጠላ የተከናነቡት ሴት የሟቹ እኅት ነበሩ። ጋሞኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ስም በየቀኑ ስሰማ ስም መሆኑን አልሰማሁም። የምሰማው ከፍታውን፣ ዝቅታውንና ንዝረቱን ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅድም የጠቀስሁላችሁ ፒየር ሼፈር ያስተምር የነበረው ትምህርት ትዝ አለኝ። ድምፅን ከወጣበት ነገር ለይታችሁ፣ ባቡሩን ረስታችሁ፣ ድምፁን በራሱ ስሙት ይል ነበር። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ጆሮን ይከፍታል። ባቡር ቢረሳ አይከፋውም። ሰው ግን ባቡር አይደለም። ኤል ዳብም ተሸፋፍኖ በገባበት ቤት የነበሩት ሴቶች ትዝ አሉኝ። የእሱን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ በ2017 በ96 ዓመቱ ሲሞት ጋዜጦች ጽፈውለታል። በዚያች ሽቦ ላይ ድምፃቸው የቀረው ሴቶች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ሽሮ ሜዳ ከመንገድ ላይ የተቀዳው ሸማኔም እንዲሁ ነው። እሱ ምናልባት አባቴ ሊሆን ይችላል።

የልጁ አባት «እንዲሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ» ብለው መከሩን። እናንተም ሰምታችሁ ይሆናል፤ በ2018 መስከረም ወር በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቈጣ ወጣት በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበርክከው መልሰውታል። ሣር የያዘ ሰው ሲለምን ማለፍ ነውር ነው። እኔና ተማሪዬም አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሽቅቡን ወጣንና እርጥብ ሣር ይዘን፣ አስቀድመን ከሟቹ እኅት ደጅ፣ ቀጥሎም ድምፃቸውን ከወሰድንባቸው አሮጊት ደጅ ተንበረከክን።

የሟቹ እኅት ሣሩን ተቀበሉን፤ አንድም ቃል ግን አልተናገሩም። አሮጊቷ ግን ተናገሩ።

«ለቅሶ የሟቹ ነው፤ ከሟቹ ጋር ይቀበራል። እናንተ ቆፍራችሁ አወጣችሁት» አሉን።

ቅጂውን በፊታቸው ከስልኩ አጠፋነው፤ ከኮምፒዩተሩም አስቀድመን አጥፍተነው ነበር። እሳቸው ስልኩን እንዴት እንደምናጠፋ ትኩር ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ቆጮ በዳጣ ቀረበልን፤ በላን። ልንነሣ ስንል ልጁ እንደ መርበትበት ብሎ «እማማ፣ ሌላስ ዘፈን ብንቀዳ ይከፋችኋል?» አላቸው። እኔ በድፍረቱ ደነገጥሁ።

አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የመስቀል ዘፈን ለሕያው ነው። መስቀል ሲደርስ ኑና ጠይቁ። እኔን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን አይዘፍነውም፤ ሁሉንም ጠይቁ» አሉት።

እንግዲህ መስቀልን እየጠበቅን ነው። እሺ ይሉን እንደሆነ አላውቅም። ከአምስቱ ድምፆች አንዱ እምቢ ቢል ዘፈኑ እንደማይቀዳ ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። ክበቡ አልፈረሰም። በግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት የሰውየው ስም፣ አገሩና ፈቃዱ በራሱ አፍ እንዲነገር ይላል። ዝናብን ግን ሳንጠይቅ እንቀዳለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ተማሪዎችም የመንግሥት ሠራተኞችም ሆናችሁ የምታነቡኝ፤ «ይህ ሙዚቃ ነው ወይስ ጫጫታ?» እያላችሁ ብዙ አትጨቃጨቁ። እኔ ለዚያ ጥያቄ ያጠፋሁት ጊዜ ይቆጨኛል። ጆሮ ይለምዳል፤ በአንድ ወቅት ጊታርም ጫጫታ ተብሏል። ሁላችንም ዛሬ በኪሳችን መቅጃ ይዘን እንዞራለን፤ ኤል ዳብ ከራዲዮ ጣቢያ ተውሶት ከነበረው መሣሪያ የሚበልጥ መቅጃ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ድምፁ የማን ነው? ባለቤቱስ ያውቃልን?» የሚለው ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ የጀመርሁት ከቤቴ ነው። በጥር ዕረፍት ሽሮ ሜዳ ሄድሁና አባቴ እግራቸውን በጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሲሸምኑ በአጠገባቸው ተቀመጥሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ነጋዴ ናቸው እያልሁ እናገር እንደ ነበረም ነገርኋቸው። መወርወሪያቸውን አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ባልንጀሮችህን አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ አላመጣሃቸውም።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም የምለው ጠፋኝና ብዙ ቆይቼ «አባባ፣ የዕቃውን ድምፅ ልቅዳው?» አልኋቸው።

«ለሸማው እንኳ በቅጡ የሚከፍለኝ አላገኘሁ፤ ለድምፁ ማን ሊከፍለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። በእኔ ቅጂ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው የአባቴ ጉሮሮ መጥረግ ነው። ቀጥሎ ስማቸውን ይናገራሉ፤ የአባታቸውን ስም ይናገራሉ፤ «የዶርዜ ሰው ነኝ፤ ሸማኔ ነኝ» ይላሉ። ጠቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።